በአባዬ ክንድ የተለካ ካባ

አባዬ፣

ካንተ ከተለየን ስምንት ወር ሊሞላን ነው። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ ያንተን ብጠይቅ መልሱን የሚያመጣልኝ የለምና የእኛን ልንገርህ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። እኔ ባምባሲ ሒሳብ ማስተማሬን ቀጥያለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሄጄ አርብ ከሰዓት አሶሳ እመለሳለሁ። ትንሿ ልጅህ ኢክራም ስምንተኛ ክፍልን አለፈች፣ ያውም በጥሩ ውጤት። ወፍጮውን የያዘችው እማዬ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ሞተሩን ለማስነሳት ትፈራ ነበር፤ አሁን እምቢ ሲላት እንደ ሰነፍ በሬ ትሰድበዋለች፣ እሱም ይነሳል። አንተን እንዲህ ቶሎ ይታዘዝህ እንደነበር ትዝ አይለኝም።

የስፌት መኪናህን ከወፍጮ ቤቱ ጓዳ አውጥተን ሳሎን አስገብተናታል። እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ እየመሰለው የሻይ ብርጭቆ ያስቀምጥባታል። እማዬ ብርጭቆውን አንስታ ሌላ ቦታ ታደርገዋለች።

ይህን የምጽፍልህ ጀምረኸው ስለሄድከው ስለ ኢክራም ካባ ነው። ያን የምትሳሳለትን ጨርቅ አበላሽቼብህ ነበር። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን በሕይወት ሳለህ ያልነገርኩህን ልንገርህ፤ በእኛ ቤት አባትን ፊት ለፊት ማመስገን ማንም አላስተማረን።

ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ያን ፎቶ ያሳየሁህ ቀን ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር አታውቅም። ከጃፓን ካርቱን ውስጥ ያለችን ጦረኛ መስላ የለበሰች ልጅ ነበረች፤ ትከሻዋ ላይ ብረት መሰል ነገር፣ ከኋላዋ መሬት የሚጠርግ ካባ። ኮስፕሌይ ይባላል፣ ሰዎች የሚወዱትን የካርቱን ሰው ልብስ ራሳቸው ሰፍተው የሚለብሱበት ነው፣ እኔም መልበስ እፈልጋለሁ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩህ። የጠበቅኩት ቁጣ ነበር። አንተ በዱቄት የነጣ ጣትህን በሱሪህ ጠረግክና ፎቶውን አሰፋህ፣ አጠበብክ፣ ብዙ ቆየህ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅከኝ፤ ካባው ገበር አለው ወይ አልከኝ።

ቀኑን ሙሉ የሰው እህል ሲፈጭ የሚውል ሰው፣ የእናቱን የእግር መኪና የሱሪ ቀዳዳ ከመጣፍ ሌላ ነክቷት የማያውቅ ሰው፣ ስለ ገበር ጠየቀ። እማዬ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብላ ወጧን ልታማስል ሄደች። አንተ የሳሎኑን የድሮ መጋረጃ እያየህ ነበር።

አሶሳ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው አንተ ብቻ ነበርክ። ወፍጮው ሲቆም ሰው ሁሉ ማዳበሪያውን ደገፍ ብሎ ሲያማርር፣ አንተ ቀስ ብለህ ወደ ጓዳ ትገባና የመኪናዋ ድምፅ ይጀምራል። መብራት መጣ ተብለህ ስትጠራ «ይችን ጠርዝ ልጨርስ» ትላለህ። ከዚያ መጋረጃ የቆረጥከውን የመጀመሪያውን ካባ ሦስት ጊዜ ፈትተህ ሦስት ጊዜ ሰፋኸው። የትከሻውን ጋሻ ከፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠህ፣ በማስቲሽ አጣብቀህ፣ በላዩ ላይ ስንጥቅ ቀርከሃ ደረደርክበት። የጦረኛዋን ነጭ ፀጉር ደግሞ ቃጫ በበረኪና ዘፍዝፈህ ሠራኸው። ማንም አላስተማረህም። ፎቶውን ታያለህ፣ ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ ከዚያ መቀስህን ታነሳለህ። እኔ ያኔ የሚገርም ነገር እያየሁ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አባት ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ለብሼ ወደ ወጣት ማዕከሉ ስሄድ ወፍጮውን ዘግተህ አብረኸኝ ወጣህ። በመሀል ገበያ አሳለፍከኝ። በዳር በዳሩ እንሂድ ብዬህ ነበር፤ አልሰማህም። አንዱ የምታውቀው ሰው «ልጅህ ምን ነካት?» ሲልህ አልተቆጣህም። ካባውን ገለብ አድርገህ የውስጡን ዝምዝማት አሳየኸውና «መጀመሪያ ስፌቱን ተመልከት፣ ከዚያ ትናገራለህ» አልከው። ሰውየው እውነትም ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ከዚያች ቀን ወዲህ በአሶሳ መንገድ ላይ ማንንም ፈርቼ አላውቅም።

በዓመቱ ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ የሚሰለፈው እህል ያመጣ ብቻ አልነበረም። የበርታው ልጅ፣ የሺናሻው ልጅ፣ ከሰፈራ መንደሩ ከአምባ የመጡት የወሎዬ ልጆች፣ ስልካቸውን ዘርግተው «ጋሼ፣ ይሄ ይሰፋል?» ይሉሃል። ጨርቅ ካመጡ ትሰፋለህ፤ ለድካምህ ምንም ተቀብለህ አታውቅም። ለሥራ ሳይሆን ለጨዋታ ነው ትል ነበር። የሰፋህላቸው ልብስ ሁሉ ሲራገፍ ከስፌቱ መሀል ዱቄት ይበናል፤ ልጆቹም በዚያ ነበር ያንተን ሥራ ከሌላው የሚለዩት።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የገዛንልህን ሜትር ለደንቡ አንገትህ ላይ ታንጠለጥላለህ እንጂ ለክተህበት አታውቅም። አያቴ አምባ ውስጥ እንዳስተማረችህ በክንድ፣ በስንዝርና በጣት ነበር የምትለካው። ገበያ ላይ አብዱ ጨርቅ ነጋዴው ለሌላው ሰው በክንድ እየሸጠ አንተ ስትመጣ ሜትር ያወጣል። እሱ በርታ ነው፣ አማርኛውን እንደሚመቸው አድርጎ ይናገራል፤ «ወላሂ አባትሽ ክንድ ረጅም ነው፤ እሷ ሲመጣ እኔ በክንድ አይሸጥም» እያለ ያስቀኝ ነበር። አንተም ሜትሩን ዘወር አድርገህ እንደገና በክንድህ ትለካዋለህ፣ እሱ ይጮሃል፣ ትስቃላችሁ።

ያን የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ የገዛኸው ከእሱ ነበር። አረንጓዴ ነው ሲሉት ወደ ሰማያዊ የሚሄድ፣ ሰማያዊ ነው ሲሉት የሚያረነጉድ። ኢክራም ስምንተኛን ስታልፍ የምትወጃትን የካርቱን ጦረኛ፣ የጫካ ጠባቂዋን፣ ልብስ እሰፋልሻለሁ ብለህ ቃል ገብተህላት ነበር። ከዚያ ሕመምህ ጀመረህ። ጀርባውን ብቻ ቆርጠህ አቅም ሲያንስህ፣ የቀረውን በሲሚንቶ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፍከው። «እጅጌ፣ ክንድ ከሁለት ጣት። ካባ ቁመቱ ሁለት ክንድ ከሦስት ጣት፣ ግርጌው ስድስት ክንድ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ብለህ ይሆናል፤ ልጅህ ግን የምታስበውን ያህል ብልህ አልነበረችም።

ኢክራም ፈተናውን ካለፈች በኋላ ስለ ልብሱ አንድም ቀን አላነሳችም። አንድ አርብ ከባምባሲ ስመለስ ጨርቁን ከነወረቀቱ አጣጥፋ አልጋዬ ላይ አስቀምጣው አገኘሁ። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ልጆቹ ወጣት ማዕከል ለብሰው ሊሰበሰቡ ነበር። «አባዬ እንዳለው ከሆነ ብቻ ነው የምለብሰው» አለችኝ። ጨርቁ ደግሞ ምትክ የለውም፤ ሱዳን ጦርነት ከገባች ወዲህ በኩርሙክ ድንበር በኩል እንደ ድሮው አይገባም፣ አብዱም ያን ቀለም ዳግመኛ አላገኘሁም ብሎኛል።

አስር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ ይባላል። እኔ አስር ጊዜ ለካሁ፣ አስሩንም ጊዜ በራሴ ክንድ። ወረቀቱ ክንድ ይላል፣ ክንድ አለኝ፣ ምን ቸገረኝ። ጨርቁን እንዳንተ እጥፍ አድርጌ ሁለቱንም እጅጌ በአንድ ጊዜ ቆረጥኩ። ጀርባው ላይ ሰክቼ ሳለብሳት ከእጇ አንጓ አንድ ጋት በላይ ቆመ። ኢክራም እጇን ወደ ፊት ዘርግታ አየችው። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ቀስ ብላ አወለቀችውና እማዬን ላግዝ ብላ ወደ ወፍጮው ወጣች። ብትጮህብኝ እመርጥ ነበር።

ያን ጊዜ በጣም ተናደድኩብህ፣ ይቅር በለኝ። ስንት ልጅ ያለበሰ ሰው እንዴት አንዲት ቁጥር አይጽፍም አልኩ። ካባው ገና አልተቆረጠም ነበር፤ እሱም ከጠፋ ሌላ የሚቆረጥ የለም። መቀሱን አስቀምጬ አንድ ሳምንት አልነካሁትም። ባምባሲ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ያልታወቀውን ቁጥር ከታወቀው ፈልጉ እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆም አልኩ፤ ያልታወቀው ያንተ ክንድ ነው፣ የታወቀው ደግሞ ሰፍተህ የጨረስከው ልብስ። ልጆቹ የተሳሳትኩ መስሏቸው ተያዩ።

አርብ እንደደረስኩ የኔን የመጀመሪያ ካባ ከሳጥን አወጣሁ። የልኩን ወረቀት አንተው ውስጡ አጣጥፈህ አስቀምጠኸዋል፤ «ግርጌ፣ አምስት ክንድ» ይላል። መሬት ላይ ዘርግቼ በሜትር ለካሁት፤ ሁለት ሜትር ከስልሳ አምስት። ለአምስት ሳካፍለው ሃምሳ ሦስት ሴንቲሜትር መጣ። አላመንኩም። ኢክራም ለጎረቤታችን ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ የሰፋህላትን ቀሚስ ሮጣ ተውሳ አመጣች። አብሮት የነበረው ያንተ ወረቀት «ግርጌ፣ አራት ክንድ» ይላል። ለካነው፤ ሁለት ሜትር ከአስራ ሁለት። አሁንም ሃምሳ ሦስት። ሌላም አመጣን፣ ሌላም። መጋረጃ ይሁን ሐር፣ የመጀመሪያህ ይሁን የመጨረሻህ፣ አንዲት ጣት አልተዛነፍክም። እኔ በሜትር እየለካሁ እሳሳታለሁ። አንተ በባዶ እጅህ፣ ዱቄት ዓይንህ ውስጥ እየገባ፣ ሰው ከውጭ ፍጠን እያለህ፣ አልተሳሳትክም። ይህን ሳውቅ ካባው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጅ ሆኜ ስንጠለጠልበት የኖርኩት ክንድ ስንት እንደሆነ ማወቅ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሃምሳ ሦስት ሴንቲሜትር ቀርከሃ ቆረጥኩ። በዚያች ዱላ ስድስት ጊዜ ግርጌውን፣ ሁለት ጊዜ ቁመቱን ለካሁ፣ ጣቶቹን ጨመርኩ፣ ቢስሚላህ ብዬ መቀሱን አስገባሁ። አጭሩን እጅጌ ደግሞ አልጣልኩትም። ስህተት ሲገጥመኝ «አትቅደጂው፣ ጌጥ አድርጊው» ትለኝ ነበርና፣ ከአንጓዋ እስከ ክንዷ የሚደርስ የቀርከሃ መከታ ሠርቼ በማሰሪያ አሰርኩላት። የጦረኛዋ ፎቶ ላይ እንዲህ ያለ መከታ የለም። ኢክራም ግን እጇን እያዟዟረች አየችውና «አባዬም ይሄን ይጨምርበት ነበር» አለች። ከዚያ በላይ ምስጋና አልፈልግም።

ቅዳሜ ወጣት ማዕከል ስትገባ ያ ጨርቅ በብርሃን አረንጓዴ፣ በጥላ ሰማያዊ ሆነ። እማዬ ወፍጮውን ዘግታ መጥታ ነበር፤ ዱቄቷን እንኳ አላራገፈችም። አብዱም ሱቁን ለልጁ ትቶ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ የካባውን ግርጌ በገዛ ክንዱ ለካ፣ ያንተ ስድስት ክንድ እንደ ድሮው በእሱ ክንድ ከስድስት በላይ ሲሆንበት ራሱን ነቀነቀና «ወላሂ፣ እሱ ነው» አለ። ልጆቹ ልብሱን ማን ሰፋው ብለው ሲጠይቁ ኢክራም አባቴ አለች። እኔም አላረምኳትም፤ የሰፋሁት እኔ ብሆንም ልኩ ያንተ ነው።

አባዬ፣ አንተን የመሰለ ሰው አሶሳ ውስጥ ብዙ አላየሁም። ሰው የሚስቅበትን ነገር ልጅህ ስለወደደችው ብቻ ወደድከው፣ ወደድከውና ከእኛ ሁሉ በላይ ቻልክበት። እኔ እንዳንተ ለመስፋት ገና ነኝ፣ ግን አልተውም። ልጆቹ ስልካቸውን ዘርግተው እንደገና ወደ በራችን መምጣት ጀምረዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እቀበላቸዋለሁ።

ትናንት ኢክራም ሳልጠራት መጣችና ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ እጇን ከቀርከሃው ጋር አጋጠመች። እኔ አላስተዋልኩም ነበር፤ ቁመቷ የእማዬ ቢሆንም ክንዷ ያንተ ነው። ገና አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ክንዷ ግን ከወዲሁ ከእኔ ይበልጣል። ያንተ ላይ ለመድረስ ሁለት ጣት ቀርቷታል። እስክትደርስ ድረስ በየዒዱ እለካታለሁ፣ የደረሰች ቀን ደግሞ መቀሱን ለእሷ ሰጥቼ ዱላዋን አስቀምጣለሁ፤ ያን ጊዜ አብዱ እሷም ስትመጣ ሜትር ማውጣት ይኖርበታል።

ልጅህ ራሕማ