ከወንዶቹ መጋረጃ ወዲያ

ማርች 3፣ ማክሰኞ

የሴት ልጆች በዓል። በትምህርት ቤቱ ምሳ ላይ ሮዝ ዱቄት የተነሰነሰ ሩዝ አወጣን። አራት መቶ ሰባ ሳህን። ካሮት ስከትፍ ውዬ ጣቶቼ ብርቱካን መስለዋል። ወገቤ ደግሞ... ተይው።

ቤት ስገባ አባባ ቴሌቪዥኑ ፊት አንቀላፍተዋል። ቀኝ እጃቸው ከወንበሩ ወርዶ ተንጠልጥሏል። አንስቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። አልነቁም። የከተማችንን የኪርዩን ግማሽ ግድግዳ የለሰነ እጅ ነው እኮ ይሄ።

ከአረጋውያን መኖሪያው ተደውሎልኝ ነበር። ወረፋችን ደርሷል። ከኤፕሪል አንድ ጀምሮ ክፍል አለ፣ እስከ ዓርብ መልስ ስጡን ነው የሚሉት። ሁለት ዓመት ጠበቅን። ጠበቅን እላለሁ እንጂ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። አባባ መመዝገባቸውንም አያውቁም።

ማርች 6

ለመኖሪያው ደውዬ እሺ አልኳቸው። በዕረፍት ሰዓት፣ ከኩሽናው ጀርባ፣ የቆሻሻ በርሜሎቹ ጋ ቆሜ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። "እንኳን ደስ አለዎት" አለችኝ ልጅቷ። ምን ይባላል? አመሰግናለሁ አልኩ።

አባባን ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ዓመት ሆነ። ገላቸውን የማጥባቸው እኔ ነኝ። ከከተማው አስተዳደር አንዲት ረዳት ተልካ ነበር፤ "ሻይ አጠጪና ሸኚያት" አሉኝ። የማያውቁት ሰው አይነካቸውም። እኔ ሳጥባቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ፎጣ ወገባቸው ላይ ጥለው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ነው። በጃንዋሪ ሁለታችንም ተንሸራተን ወደቅን። ግማሽ ሰዓት እርጥብ ወለል ላይ ተጋደምን። "ሰው እንዳትጠሪ ካዮኮ" ይሉኛል። ራቁታቸውን ከመታየት እዚያው መሞት ይሻላቸዋል። እኔስ? አምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ዳግመኛ ስንወድቅ ማን ያነሳናል?

እንዴት ብዬ ልንገራቸው...

ማርች 8፣ እሁድ

ሐሳብ መጣልኝ። ፍልውሃ ልውሰዳቸው። አንድ አዳር ብቻ። እናቴ በሕይወት እያለች በየዓመቱ ጸደይ ላይ ይሄዱ ነበር፤ ከእሷ ወዲህ ቀረ። ውሃው ውስጥ ገብተው፣ ራት በልተው፣ ትንሽ የሩዝ ጠጅ፣ ሳኬ ቀማምሰው፣ ሰውነታቸው ሲፍታታ... ያኔ ልንገራቸው።

ጉቦ ነው? ጉቦ ነው።

ማርች 10

በእኔ ደመወዝ ሽርሽር የሚባል ነገር የለም። ግን ዘዴ አይጠፋም። ሳምንቱ መሐል ላይ ዋጋው ይወርዳል። ተራራው ላይ የፕሪሙ አበባ ረግፏል፣ ቼሪው ደግሞ ገና አልፈነዳም። ባዶ ቅርንጫፍ ሊያይ የሚሄድ ማን አለ? ስለዚህ ርካሽ ነው። ትምህርት ቤቱ በ24 ይዘጋል፣ እኛ በ25 እንሄዳለን። ፈጣኑን ባቡር ትተን በየጣቢያው የሚቆመውን እንይዛለን። በአባባ የአካል ጉዳተኛ መታወቂያ የሁለታችንም ቲኬት በግማሽ ዋጋ ነው። ምሳ ከቤት። ከጣቢያው የማደሪያው መኪና በነፃ ይወስደናል።

ማደሪያዋ አሮጌ ነች። ራትና ቁርስ ጨምራ ለሁለት ሰው አሥራ አራት ሺህ የን። ክፍሉ ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም። ባለቤቲቱ አሮጊት በስልክ "ቤታችን ጎብጧል፣ ውሃችን ግን እንደ ኮረዳ ነው" አለችኝ። ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ከሳቅኩ!

ሁሉን አስቤያለሁ። ከዘራ። ወፍራም ትራስ። ከፍራሹ ተደግፈው የሚነሱበት ወንበር። ምንም የረሳሁት የለም። ጎበዝ ካዮኮ።

ማርች 12

ዛሬ ነገርኳቸው። ስለ ጉዞው ማለቴ ነው።

"ፍልውሃ? ከመቼ ወዲህ ሀብታም ሆንሽ?"

"በእርስዎ መታወቂያ ግማሽ ዋጋ ነው አባባ።"

"እህ! ለካ ጥቅም አለኝ።"

ፊታቸው በራ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኩሪባራ እንዳትሰማ ብዬ ለምኛቸው ነበር። ከሰማች የመንገድ ብላ ፖስታ ውስጥ ገንዘብ ትሰጠኛለች፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ጣፋጭ ገዝቼላት መመለስ አለብኝ። ለእሷ ካመጣሁ የማዶዋን እንዴት እዘላለሁ? የማዶዋ ካገኘች የጥጉ ቤትስ? አባባ ግን በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው ነገሯት። "ካዮኮ ፍልውሃ ልትወስደኝ ነው!" እያሉ፣ እንደ ሕፃን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፖስታው መጣ።

መናደድ ነበረብኝ። ደስታቸውን ሳይ ግን ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ምን ልነግራቸው እንደምወስዳቸው ቢያውቁ...

ማርች 15፣ እሁድ

መኖሪያው መመሪያ ልኳል። ልብስ በሙሉ ስም ይጻፍበት ይላል። ካልሲ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ፎጣ፣ ሁሉም። አባባ ሲያንቀላፉ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፍኩ። ኦጊዋራ ኢሳሙ። ኦጊዋራ ኢሳሙ። ሠላሳ ጊዜ። መዋዕለ ሕፃናት የሚገባ ልጅ ዕቃ ላይ እንደሚጻፈው። ከዚያ ቁም ሳጥኑ ታች ደበቅኩት። ሌባ የሆንኩ መሰለኝ።

ማርች 17

ደደብ። ደደብ። ደደብ።

የማደሪያዋ አሮጊት ደውላ ስንት ፎጣ ላዘጋጅ አለችኝ። "ለአባቴ ትርፍ ያስፈልገናል፤ እኔ ነኝ የማጥባቸው" አልኳት። እሷም ቀስ ብላ "የኔ እመቤት፣ እንዴት ሆኖ? እርስዎ እኮ በሴቶቹ በኩል ነው የሚገቡት።"

ሦስት ዓመት ሙሉ ሳጥባቸው ከርሜ ሴት መሆኔን ረሳሁት! መታጠቢያው በር ላይ ሰማያዊው መጋረጃ የወንድ፣ ቀዩ የሴት። የአምስት ዓመት ልጅ የሚያውቀውን። ቤተሰብ ለብቻው ዘግቶ የሚታጠብበት ገንዳ የለም ወይ አልኳት። እነሱ ጋ የለም፤ ያለው ማዶ ካለው ትልቁ ሆቴል ነው። እሱ የእኛ አቅም አይደለም። ክፍላችንም መታጠቢያ የለውም። ለዚህ ነዋ የረከሰው!

ፍልውሃ ድረስ ወስጄ ደጅ ላስቀምጣቸው? ለጎረቤቱ ሁሉ ካወሩ በኋላ?

"ወንድ ልጅ የላቸውም?" አለች አሮጊቷ።

አላቸው።

ማርች 18

አልደወልኩም።

ማርች 19

ደወልኩ።

ታትሱያ ታናሼ ነው። ሳይታማ በሚባለው ከተማ ያገለገሉ መኪናዎች ይሸጣል። የዛሬ ስድስት ዓመት የልስን ሥራውን አልወርስም ብሎ ሲሄድ አባባ "ደጄን እንዳትረግጥ" አሉት። እሱም አልረገጠም። ስትሮኩ የመታቸው ጊዜ ሆስፒታል መጥቶ ነበር፤ አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡለት ተመለሰ።

"እትዬ? ሞቱ እንዴ?" የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው።

"አልሞቱም። ገላቸውን የሚያጥብልኝ ወንድ ፈልጌ ነው።"

ሳቀ። "ሦስት ዓመት ጠፍተሽ ለገላ ማጠቢያ ነው የደወልሽልኝ?"

"የጠፋሁት እኔ ነኝ?"

ሁሉንም ነገርኩት። የመኖሪያውን ነገርም።

"ሳትነግሪያቸው? አበድሽ እንዴ እትዬ? ሰው እኮ ናቸው፣ ዕቃ ናቸው ወይ?"

"እንግዲያው አንተ ናና ንገራቸው! ና እጠብ! ና ከወለል ላይ አንሳ!" ጮህኩበት። በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም።

ከኋላው አንድ መኪና ሲነሳ ይሰማኛል።

"የትኛው ጣቢያ ነው የምወርደው?" አለ። "የራሴን እኔ እከፍላለሁ። የመኖሪያውን ነገር ግን አልነግራቸውም። እሱ ያንቺ ነው።"

"የእኔ ነው። ከራት በኋላ እነግራቸዋለሁ።"

ማርች 21

ታትሱያ እንደሚመጣ ለአባባ ነገርኳቸው።

"ማን ጠራው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው አብራችሁ ታጠቡ። እኔ አልሄድም።"

ማርች 22

አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ምሳቸውን ግማሹን ተዉት። የማደሪያው ገንዘብ ከአሁን ወዲያ አይመለስም... አሁን ይህ ነው የሚያሳስበኝ? ይህም ያሳስበኛል።

ማርች 24

ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ፦ "ጢሜ አድጓል።"

ምላጩን አመጣሁ። ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ እጄ በገባው ሁሉ በጥድፊያ ሞላሁ፣ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ።

ማርች 26፣ ባቡር ውስጥ

ሁለቱም ፊት ለፊቴ ተኝተዋል። አባባ አፋቸው ተከፍቷል፣ ታትሱያም። ነገሩ ትኩስ ሳለ ልጻፈው።

ትናንት ጣቢያው ላይ ቆሞ ጠበቀን። ፀጉሩ ሸብቷል። አባባ ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ወፍረሃል።"

"እርስዎ ደግሞ ከስተዋል።"

በቃ። የማደሪያው መኪና ውስጥ እኔ ብቻ ስለ ቅርንጫፉ፣ ስለ ወንዙ እቀባጥራለሁ።

ሰማያዊው መጋረጃ ጋ ታትሱያ እጁን ዘረጋ። አባባ እጁን ገፉት። ከመጋረጃው ሥር ግን አንድ ደረጃ ነበር... ቆሙ፣ ደረጃዋን አዩ፣ ከዚያ ሳያዩት ክንዱን ያዙ። መጋረጃው ከኋላቸው ወረደ። እኔ ፎጣ ታቅፌ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ከሦስት ዓመት ወዲህ አባባ ሲታጠቡ የምሠራው ሥራ ሳይኖረኝ የመጀመሪያዬ ነው።

በሴቶቹ በኩል ብቻዬን ነበርኩ። የሚለየን ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይደርስም። ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል፤ በርጩማ ሲጎተት ይሰማኛል።

"በዛ ሙቀቱ?"

"አልበዛም።"

"አሁንስ?"

"ደህና ነው። ጠንከር አድርገህ እሸኝ፣ ድመት አደረግከኝ እንዴ?"

አባባ ገላቸውን እየታጠቡ ያወራሉ! ከእኔ ጋር እንዲያ ዝም የሚሉ ሰውዬ። ቀናሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ቀናሁ።

"ታትሱያ።"

"አቤት።"

"እህትህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ትነግረኛለች።"

የማሸቱ ድምፅ ቆመ።

"ሻንጣው ውስጥ ካልሲዬን አየሁት። ስሜ ተጽፎበታል። ካልሲ ላይ ስም የሚያስጽፍ ቤት ሁለት ነው፤ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ደግሞ አርጅቻለሁ።"

"አባባ..."

"እያሸህ ስማኝ። ስትነግረኝ እደነግጣለሁ። አንተም ደንግጥ። ወሩን ሙሉ ስትጨነቅበት የከረመችው ነገር ነው፤ አውቀዋለሁ ብላት ልቧ ይሰበራል። ገባህ?"

ትንሽ ቆይቶ አባባ፦ "አልቅስ አልኩህ? ጀርባዬን እሸኝ እንጂ።"

እስከ አፍንጫዬ ውሃው ውስጥ ገባሁ። እንዳይሰሙኝ።

ራት ቀረበ። ሳኬም ቀረበ። "አባባ፣ የምነግርዎት ነገር አለ" ስል አፌን ሳልዘጋ "ምን?" አሉ፣ ቸኩለው። ነገርኳቸው። ቃሎቼን ስንት ጊዜ አጥንቼ፣ አንዱም በቦታው አልወጣ አለኝ። አባባ ጽዋቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸውን አፈጠጡ። ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ።

"እንዴ! ፈጽሞ አልጠረጠርኩም እኮ!"

"እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው!" አለ ታትሱያ። እኔው ራሴ በስልክ የነገርኩት ሰውዬ!

ልስቅ ነው ላለቅስ... ሳላውቅ ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። ይህ ትወና አልነበረም።

አባባ ግራ እጃቸውን ከደረታቸው ላይ ቀስ ብለው አወረዱ። እሱም ትወና አልነበረም።

"ስንት ቀን ቀረን?" አሉ።

"ሰባት።"

"ብዙ ነው" አሉ። "ብዪ ብዪ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል።"

ኤፕሪል 2

ትናንት አስገባናቸው። ታትሱያ ከሱቁ መኪና ይዞ መጣ። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ መስኮቱ ግን ሰፊ ነው። አባባ የተቀበለቻቸውን ልጅ "ጀርባ ማሸት ትችያለሽ? ጠንከር አድርገሽ ነው" አሏት። ለማያውቋት ሴት። ታትሱያ እሁድ እሁድ እኔ እመጣለሁ አለ። ይምጣ። እናያለን።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርኩ። ማንንም አላነሳሁም፣ ማንንም አላጋደምኩም። ወገቤ ምን እንደሚሠራ ግራ ገብቶታል።

አመሻሹ ላይ ገንዳውን ሞላሁ። በቤታችን መጀመሪያ የሚገቡት አባባ ናቸው፤ ልጅ ሆኜም፣ ትልቅ ሴት ሆኜም ከእሳቸው በኋላ ነው የምገባው። ፎጣዬን ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ማንም አይወጣም እኮ ካዮኮ፣ ግቢ እንጂ።

እግሬን ከተትኩ። ጮኼ አወጣሁት። ለእኔ ያቃጥላል፤ እሳቸው በሚወዱት ሙቀት ነው የሞላሁት።

ቀዝቃዛ ውሃ አልጨመርኩበትም። ቀስ ብዬ ተመልሼ ገባሁ።