ዘወር በሉ ያልኩ ቀን

ይድረስ ለእማዬ፤

እማዬ እንዴት ነሽ? ቆይ፣ አንዴ ጠይቄ አላልፍም፤ እንዴት ነሽ፣ እንዴት ከረምሽ፣ ወገብሽስ? ያ ደረጃ ላይ የተጠማዘዘው ጉልበትሽ ሻል አለው ወይስ አሁንም እንደ ሕፃን እየተንፏቀቅሽ ነው የምትወርጂው? ሴትዮዋስ ያንን መጋረጃ አሁንም በየሳምንቱ ታሳጥብሻለች? መጋረጃው አፍ ቢኖረው ራሱ በቃኝ ይል ነበር። የምታሳድጊው ሕፃንስ ጥርስ አበቀለ? ትተኛለሽ? ትበያለሽ? እበላለሁ ብለሽ ደግሞ እንዳትሸውጂኝ፣ በላክሽው ፎቶ ላይ አንገትሽን አይቼዋለሁ። ሰላምታዬ ከራስ ፀጉርሽ ይጀምርና እስከ ተረከዝሽ ይውረድ፤ ተረከዝሽ ጋ ሲደርስ ትንሽ ይቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆመው እሱ ነው።

እኛም ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ትንሿ ልጅሽ ሚጣ ደህና ናት፤ ትማራለች፣ ታድጋለች፣ ትነዘንዛለች። እኔም አካሌ ደህና ነው። አባዬ ግን ደህና አይደለም። አልታመመም። ቢታመምማ በምን ዕድሌ፣ አልጋው ላይ ተኝቶ አየው ነበር።

ለምን አትደውይልኝም እንዳትዪ። ስልኩን አባዬ ለመብራቱ ብሎ ይዞት ጉድጓድ ይገባል፣ ሲወጣ ባትሪው አልቋል። ባያልቅም እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሄን አላወራሽም። ስለዚህ የልብስ ሰፊው ልጅ ወደ እናንተ አገር ስትመጣ ይሄን ቦርሳዋ ውስጥ እንድትከትልኝ ለምኛታለሁ። ጽሑፌን አትሳቂበት፤ ትምህርት ቤቱን ከተውኩ ወዲህ ይሄ እጅ ከመዶሻ በቀር የያዘው ነገር የለም።

አባዬ ጥሩ ጥሩውን ነግሮሻል፤ ድንጋይ የምንፈልጥበት ካባ ላይ የከበረ ድንጋይ ተገኘ፣ ፈጣሪ አየን ብሎሻል። አልዋሸሽም። ዝናቡ ሲያባራ ከገደሉ ትልቅ ቋጥኝ ተንዶ ስለነበር አባዬ መሮውን ሰክቶ ፈለጠው። ሆዱ ውስጥ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት የመሰለ ነገር ነበር፤ ሲያዞሩት አረንጓዴ፣ ሲያጋድሉት ቀይ። አባዬ እንትፍ አለበትና በአውራ ጣቱ አሸው። እኛ ሴቶቹ ጠጠር ስንሰብር የነበርነው መዶሻችንን እንደያዝን ከበብነው። ከላይ ሆኖ የሚጣራልን ጥሩምባ እንኳን ከገደሉ አናት ላይ ወረደ፤ እሱ ለምሳም የማይወርድ ሰውዬ።

ያኔ ደግ ነበርን እማዬ። የካባ ድንጋይ የካባ ነው ተባለና ትልልቆቹ አብረው ሄደው ሸጡት፣ ለሁሉም ደረሰ። ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ ያቺን እጀታዋ በሽቦ የታሰረ ማንቆርቆሪያ ጥላ አዲስ ገዛች። መንታዎቹ አንድ ዓይነት ጃኬት ገዝተው ጭራሽ የማይለዩ ሆኑ። ጥሩምባ ጥቁር መነጽር ገዛና ሲመሽም አላወልቅም ብሎ ከቆመ መኪና ጋር ተላተመ፤ መኪናውን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼዋለሁ። አባዬ አዲሱን ጫማውን አቅፎ ነው የተኛው። እኔ ለሚጣ ቦርሳ ገዛሁ፣ ለራሴ ምንም፤ ይሄን ጽፌልሻለሁ እንግዲህ፣ ቁጠሪልኝ።

ከዛ ማስቲካ መጣ። ማስቲካ ያልነው የድንጋይ ገዢውን ነው፣ ሲያላምጥ መጥቶ ሲያላምጥ ስለሚሄድ። መኪናውን ሻይዋ ጋ አቁሞ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻ ለብቻ፣ እጁን ትከሻው ላይ ጥሎ አወራው። ተሰብስባችሁ አትምጡብኝ፣ ብቻውን ለሚመጣ አብልጬ እከፍላለሁ አለ። በቃ፣ ያለው ይሄን ብቻ ነው። ስድብ ቢሆን እመልስለት ነበር፣ ምክር ሆነብኝ።

አሁን ካባው ላይ ጠጠር የሚሰብር የለም። ገልባጭ መኪኖቹ ባዶ መጥተው ባዶ ይመለሳሉ። ሁሉም ከገደሉ ሥር የየራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ አፉ ላይ ሸራ ጋርዷል። መንታዎቹ እንኳን ጉድጓድ ለይተዋል። ሰላም ብትያቸው የሚመልሱልሽ እጅሽን እያዩ ነው፣ ምን ይዘሻል እንደማለት። አባዬም ቆፍሯል። የአባዬ ከሁሉም ይጠልቃል።

ይሄ ሁሉ ባልከፋኝ። ያስፈራኝ ጥሪው መቅረቱ ነው። ትዝ ይልሽ የለ፣ ትንሽ ሆኜ ጀርባዬ ላይ ውሃ ልታፈሺብኝ ስትዪ “ዘወር በሉ” ትይኛለሽ፣ እኔ በሳሙና አረፋ ታፍኜ “ዘወር ብያለሁ” እላለሁ። ካባው ላይ ያደግነው በሱ ነው። ከላይ ድንጋይ ሊለቅ ያለ ሰው ይጣራል፣ ከታች ያለነው እያንዳንዳችን በየድምፃችን እንመልሳለን፣ አንድ ድምፅ ከጎደለ ዲጂኖው አይነቃነቅም። ጥሩምባ የሁላችንንም ድምፅ ለይቶ ያውቃል። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ብመልስለት፣ ይቺ የማናት፣ አላውቃትም ብሎ ሥራውን አስቁሞ ወርዶ ዓይኔን አይቶኝ ተመልሷል።

አሁን ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው አይመልስም። ከመለሰ የት እንዳለ ይታወቅበታላ። ጥሩምባ ይጣራል፣ ዝም። ደግሞ ይጣራል፣ ዝም። መቃብር ላይ የምጮህ መሰለኝ፣ አንዱ እንዳይመልስልኝ ፈራሁ ብሎ ቀለደ፤ ማንም አልሳቀለት። በኋላ እሱም መነጽሩን ኪሱ ከቶ ወረደና የራሱን ጉድጓድ ጀመረ። ከላይ የቀሩት ጥቂቶቹ ደግሞ ሳይጣሩ ድንጋይ ይለቃሉ።

ባለፈው ሻይዋ ውሃ ልትቀዳ ዞር እንዳለች ከላይ ድንጋይ መጣ። አዲሱ ማንቆርቆሪያ ተጣጥፎ እንደ ሳህን ሆነ፣ የምትቀመጥበት በርጩማ እግሩ እንኳን አልተገኘም። ተመልሳ ባልዲዋን እንደያዘች ቆማ አየችው። አንዱ ከሸራው አንገቱን አውጥቶ ተርፈሻል፣ ተመስገን በይ ብሏት ተመልሶ ገባ። ድንጋዩ የማነው ብሎ የጠየቀ የለም።

እማዬ፣ ደሜ ፈላ። ታውቂኝ የለ፣ አፌ ከእግሬ ይቀድማል፤ የዛን ቀን ግን እግሬ ቀደመኝ። ገደሉ አናት ላይ ወጣሁና ጥሩምባ የሚቆምበት ቦታ ቆሜ፣ የሚለቀቅ ድንጋይ ሳይኖር፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ “ዘወር በሉ!” አልኩ። እንደሱ አድርጌ አስረዝሜ፣ መጨረሻውን ሰብሬ። ሞታችሁ ከሆነ ልየው ብዬ ነው።

ወጡ። ከየሸራው ስር እንደ አይጥ ፈልሰው ወጡ። የሰው አፍ ይረሳል እንጂ እግሩ አይረሳም። ግን የያዙትን እንደያዙ ነው የወጡት። ምንም አላገኘሁም ብሎ የማለው ሰው ሸሚዙ በድንጋይ ተወጥሯል። መንታዎቹ ተያዩ፣ አንደኛው በወንድሙ ጉድጓድ በኩል ነው የወጣው፣ የወንድሙን ከረጢት ይዞ። በአዲሱ ጃኬታቸው ተናነቁ፣ የማን ክንድ የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። ያኔ ሁሉም ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ የሚወርድ ድንጋይም አጣ። የሰደቡኝን አልጽፍልሽም፣ ግማሹ አንቺንም ይነካል።

ጥሩምባ ግን አልተሳደበም። ቀስ ብሎ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ልጄ፣ እስከዛሬ ይሄን ቃል በውሸት የጠራው የለም፤ ከእንግዲህ እኔ በእውነት ብጠራው ማን ይወጣልኛል አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ነው። የዛኑ ቀን አመሻሽ ሻይዋ ጋ ተቀምጠው፣ ሁለተኛ ለጥሪ የወጣ ጅል ነው ተባብለዋል።

አባዬ ደግሞ መጀመሪያውኑ አልወጣም። ሁሉም ሲወጡ የሱ ሸራ ብቻ አልተነቃነቀም። ወርጄ ገልጬ ሳየው እየቆፈረ ነው። አልሰማህም እንዴ አልኩት። ሰምቻለሁ አለኝ ዞር እንኳን ሳይል፤ ድምፅሽን ለየሁት፣ አንቺ እኔ ላይ ድንጋይ እንደማትለቂ አውቃለሁ፣ ለምን ብዬ እወጣለሁ አለኝ። እንግዲህ እኔ ብጮህ ብፈነዳ አባዬን የማወጣበት ድምፅ የለኝም ማለት ነው። ስለሚያምነኝ።

የባሰውን ደግሞ ልንገርሽ፣ ተቀምጠሽ አንብቢው። ከላይ ስወርድ እግሬ መሬት ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ስንጥቅ ነው፤ ከሣሩ ስር ተደብቆ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ይዞት ሄዷል፣ ልክ ከጉድጓዶቹ በላይ። ዱላ አጋደምኩበት፣ ዳርና ዳሩን ይዞ ቆመ። በማግስቱ ስሄድ ዱላዬ የለም፣ ውስጥ ወድቋል። ስንጥቁ አፉን ከፍቷል ማለት ነው። ከዛ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ጠጠር ይፈሳል፤ ትንሽ ነው፣ ከተቀደደ ጆንያ እህል ሲፈስ ያለውን ድምፅ ነው የሚያሰማው። ለሁሉም ነገርኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ደግሞ ዛሬ የማንን ከረጢት ልታሳዪን ነው አለኝ አንዱ። ጥሩምባ ብቻ ወጥቶ አየው፤ አይቶ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ዕቃውን ሰብስቦ ጉድጓዱን ተወ። እሱም ሲናገር ከልጅቷ ጋር መክራችሁ ነው አሉት።

አባዬን እግሩን ይዤ ለምኛለሁ። እኔ ሰው እግር ስይዝ አስቢው። እናትሽ የሰው መጋረጃ ስታጥብ እኔ ፀሐይ ልሞቅ ነው ወይ አለኝ። ያቺ የደወልሽ ቀን፣ እንደዛ ያለ አንድ ድንጋይ ከተገኘማ ጠቅልዬ እመጣለሁ አልሽው። በናፍቆት ነው ያልሽው፣ አውቃለሁ፤ እኔም አጠገቡ ሆኜ ሰምቼ ዘልያለሁ። እሱ ግን ያንን ቃል ይዞ ነው ጉድጓድ የሚገባው። አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ ይላል፣ ላም አለኝ በሰማይ። ስለዚህ እማዬ፣ አልከሰስኩሽም፣ ግን እዛ ውስጥ ያስቀመጠው የኔም የማስቲካም ቃል አይደለም፤ ያንቺ ነው። የሚያወጣውም እሱ ነው።

ይሄ ወረቀት እንደደረሰሽ ደውዪ። አመሻሽ ላይ ደውዪ፣ እራት ሲበላ ስልኩን ሚጣ ትሰካዋለች፣ ነግሬያታለሁ። ደህና ነህ ወይ ብለሽ አትጀምሪ፣ ደህና ነኝ ብሎ ይዘጋሻል። አታልቅሺም፤ ካለቀስሽ ደስ ላሰኛት ብሎ ጭራሽ ሳይነጋ ጉድጓድ ይገባል። በድንጋይ አልመጣም፣ ውሌ ሲያልቅ በእግሬ እመጣለሁ በዪው። ከዛ “ዘወር በል” በዪው። ሌላ ምንም አትጨምሪ። ዝም ቢልሽም ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ “ዘወር ብያለሁ” እስኪል ስልኩን እንዳትዘጊ፣ ሂሳቡ እስኪያልቅም ቢሆን። አባዬ ይቆጣል፣ ያኮርፋል፣ ይዋሻል እንኳን፤ ግን ዘወር ብያለሁ ብሎ ከቦታው ያልተነሳ ሰው ካባው ላይ የለም፣ እሱም አይሆንም።

በይ ሰላምታ ልስጥሽ። ሚጣ ጉንጭሽን ስማሻለች፣ ቦርሳው በጣም ቆንጆ ነው ብላለች፣ ከኔ መሆኑን ግን አልጨመረችም። ሻይዋ ሰላም ብላሻለች፤ አሁን በድስት ነው የምታፈላው። ጥሩምባ ሰላም ብሎሻል፣ ድምፅሽን እስከዛሬ ለይቼ አውቃለሁ በያት ብሎኛል። ለሕፃኑ ጥርሱን ሳሚልኝ። ለሴትዮዋ ሰላምታ የለኝም፣ መጋረጃውን ሰላም በዪልኝ።

የአባዬን ሰላምታ አልጠየቅኩትም፣ ስጽፍልሽ መሆኑን አያውቅም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ውስጥ መዶሻው ይሰማኛል፣ እሱ ሲመታ እኔ እጽፋለሁ። አሁን ሰላምታውን ስጀምር መዶሻው ቆመ። እኔም ቆምኩ። አባዬ ብዬ ጠራሁት፣ ዝም አለ። ደግሜ ጠራሁት። ምን ትጮኺያለሽ አንቺ ልጅ፣ ላብ ልጥረግበት እንጂ አለኝ። እማዬ፣ ተቆጥቶኝ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይኸው መዶሻው ቀጥሏል።

ቶሎ ደውዪ።

ያቺው አፈኛዋ ልጅሽ

ካባው፣ ከአባዬ ጉድጓድ አፍ ላይ
ሐሙስ ጠዋት