ለአበራ የዘራህለት ሰሊጥ

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣ ነፍስህ እንደምን አለች? ከተለየኸን ወዲህ ሰሊጡ አብቦ፣ ደርቆ፣ ታጨደ። ስትሄድ ገና ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር።

እኛ ደህና ነን። ቀዬአችን ገንዳ ውሃም ያው ናት። የቀበሌው ስብሰባ አሁንም እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ነው፤ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ውሻህ ደጅ ላይ ተጋድሞ የመተማን መንገድ ሲያይ ይውላል። ካንተ የተማረው ነው።

ወሬውን ልንገርህ፤ አበራ መጣ! በሬዎችህን ድንበር ማዶ ጋላባት ነድቶ ሸጦ ሱዳን የቀረው ወንድሜ መጣልህ።

በየክረምቱ ከወንዙ ዳር ያለችውን ቁራሽ መሬት በስሙ ትዘራለት ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የሌለ ሰው ድርሻ የለውም ሲልህ፣ ልጄ ሄደ እንጂ አልሞተም ብለህ ስትለምነው አጠገብህ ነበርኩ። መከር ሲደርስ ደግሞ የእሱን ከሁሉ በኋላ ነበር የምታጭደው፤ ዛሬ ይመጣ ይሆናል እያልክ። ሰሊጥ መቼ ሰው ይጠብቃል? ደርቆ ሲከፈት ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል። አንዱን ዓመት ግማሹን ወፍ ለቀመው። ጎረቤታችን አያ ገብሬ ምን ያህል እንደሳቀብህ አትረሳውም። እኔም አንጀቴ እርር ይል ነበር።

ዘንድሮም ዘራህለት፤ ከዚያ የወባው ንዳድ ጥሎ ወሰደህ። እኔም ልማድህን ላለማፍረስ የእሱን ለመጨረሻ አቆየሁት። ሊፈስ ሲል ማጭዴን ይዤ በማለዳ ብወርድ ነጭ ጀላቢያ የለበሰ፣ የከሳ ሰው ከማሳው ዳር ቆሟል፤ አበራ ነው። ሞትህን እዚያው ድንበሩ ላይ ሰምቶ፣ መቃብርህን ተሳልሞ ሊመለስ ነበር የመጣው። የሚምረኝ አባት ከሌለ ምን ብዬ ቤት እገባለሁ አለኝ። ሰሊጡን አሳየሁት። ያንተ ነው፣ ከመሞቱ በፊት የዘራልህ ነው አልኩት። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

አባዬ፣ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጁ ማረኝ ሳይል ምሕረቱ ተዘርቶ፣ በቅሎ፣ ደርሶ ጠበቀው። ከልጅነቴ ጀምሮ አባታችን ሆይ ስል እግዚአብሔር እንደ ሊቀመንበሩ ስም እየጠራ የቀረውን የሚሰርዝ ይመስለኝ ነበር። እፈራው ነበር እንጂ አልወደውም ነበር። ለካ ገና ጀርባችንን ሰጥተነው ስንሄድ የሚዘራልን አባት ነው! ይህን ያህል መወደዳችንን ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አበራ ማጭዱን ከእጄ ወሰደና እያለቀሰ አጨደ። ነዶውን አስደግፎ አቆመው፣ ሲደርቅም ሸራ ላይ ገልብጦ አራገፈው። ብዙው ፈሶ ነበር፤ የተረፈው ግን በቃን። አሁን ቤት ነው፣ ባንተ መደብ ላይ ይተኛል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የአያ ገብሬ ልጅ ከወታደር አፈሳ ሸሽቶ ድንበር ተሻግሯል። ትናንት አያ ገብሬ እፍኝ የሰሊጥ ዘር በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ መጣ። ለክረምቱ ከአበራ መሬት ዳር ትንሽ ቦታ ለልጁ እንድንተውለት ለመነን። ዘሩን ተቀብለን ካንተ ዘር ጋር አስቀመጥነው።

አንረሳህም፣ አባዬ። የአያ ገብሬን ልጅ ድርሻም ከሁሉ በኋላ እናጭደዋለን።

ልጅህ