ብዙዬ፣ ካርዷን ቀየርናት

ለውዷ ባለቤቴ ለብዙነሽ፣

ብዙዬ፣ አፈሩ ይቅለልሽ። ከተለየሽን ሁለተኛው በልግ ገባ። ጂንካ እንደምታውቂያት ጭቃ ሆናለች፤ ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሱቅሽ የሚያወጣው መንገድ እግር ይይዛል። ልጆቹ ደህና ናቸው። ማህሌት በቁመት ልትደርስብኝ ነው። ናሆም የወተት ጥርሶቹን ጥሎ አዲስ አብቅሏል። እናትሽ ጉልበታቸውን እያመማቸውም ቢሆን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ሲመለሱ በእኛ በኩል አልፈው ልጆቹን ስመው ነው ቤታቸው የሚገቡት። እኔን ጴንጤ ብለው ያኮረፉበት ዘመን አልፏል። አሁን ሁለታችንም የምናለቅሰው ለአንድ ሰው ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ኮምፒውተርሽ ነው።

አርባሽን ካወጣን በኋላ ሱቁን ከፈትኩት። አናጢ ፎቶ ቤት ምን ይሠራል ትዪ ይሆናል፤ ተዘግቶ ማየቱ አላስችል ቢለኝ ነው። ማብሪያውን ስጫነው ማራገቢያው ጮኸ፣ ስክሪኑ በራ፣ ከዚያ ጥቁር መደብ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ ዝም አለ። ማህሌት አነበበችልኝ። «አባ፣ ዲስክ የለም ነው የሚለው።» የኮምፒውተሩን ሳጥን ከአንቺ በኋላ የነካው ሰው አልነበረም። እንዴት ይጠፋል?

ብዙዬ፣ ለቅሶሽ ላይ ያቆምነው የሠርጋችንን ፎቶ ነበር። ቬሎ የለበሰች፣ ጉንጯ የሞላ ልጃገረድ። ናሆም ቆሞ አየና «ይቺ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። ለቀስተኛው ሁሉ አቀረቀረ። የከተማው ሰው ለመታወቂያም ለትምህርት ቤትም አንቺ ፊት ያልተቀመጠ የለም። ሰው ሲሞት ዘመዶቹ ወዳንቺ ይሮጡ ነበር፤ አንቺም ከዚያ ሳጥን ፊቱን ፈልገሽ፣ አሳድገሽ ለለቅሶው ታደርሺላቸው ነበር። የራስሽን ግን ማን ያንሳ? ካሜራውን ልቀበልሽ ባልኩ ቁጥር «ፎቶ አንሺ ስትነሳ የት አየህ? ሂድ ወንበርህን ላግ!» እያልሽ ታባርሪኝ ነበር። ቢሆንም አንድ ቀን፣ ካሜራ ስትሞክሪም ይሁን፣ አንዱ ደንበኛ በጨዋታ አንስቶሽም ይሁን፣ አንድ ቦታ ላይ መኖር አለብሽ ብዬ አሰብኩ። ካለሽ ደግሞ ያለሽው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው።

ሌላም የምትጠብቅ እናት ነበረች። እማማ ማርታን አትረሻቸውም፤ ከታች ካለው የአሪ መንደር ቅዳሜ ገበያ ሙዝ ይዘው የሚመጡት። አንቺ ካረፍሽ ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ታምሩ ከዲመካ ሲመለስ የተሳፈረበት አይሱዙ ተገልብጦ ሞተ። መታወቂያው እንኳ አልተገኘም። ሱቁ መከፈቱን ሰምተው መጡና ሳጥኑን እንደ ሕፃን ራስ ዳበሱት። «ልጅ የኔ እዚህ ውስጥ አለ። ብዙነሽ አስገባችው» አሉኝ። ተበላሽቷል አልኳቸው። «ይሁን። እቆያለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሙዛቸውን እንደሸጡ እየመጡ ደጃፉ ላይ ይቀመጡ ጀመር። አይጠይቁኝም፤ ይቀመጣሉ፣ ሲመሽ ይሄዳሉ።

ዮናስን ለመንኩት፤ ያን አንዳንድ ጊዜ ዕቃ ትዋዋሺው የነበረውን የቢሮ ኮምፒውተር ቴክኒሻን። መጥቶ ሳጥኑን ከፈተና ጣቴን አንዱ ዲስክ ላይ አስቀመጠው። ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። «ዲስኮቹ አልሞቱም» አለኝ። «የሞተችው ይቺ ናት።» በዲስኮቹና በማሽኑ መካከል የተሰካችውን አረንጓዴ ካርድ አሳየኝ። አንድ ጥግዋ ከስሏል። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ያቃጠላት ይመስለዋል። ሌላ ካርድ ግዛና ስካ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አንቺ ሁለቱን ዲስክ አጣምረሽ እንደ አንድ እንዲሠሩ አድርገሽ ኖሯል፤ ያንን አጣምራ የምታነበው የሷ ዓይነት ካርድ ብቻ ናት፤ ሌላ ዓይነት ካርድ ባዶ ናቸው ብሎ ሊያጠፋቸው ይችላል። አዲስ አበባ ደወለ፣ አርባ ምንጭ ደወለ። እንደሷ ያለች ካርድ መሥራት ከቀረ ቆይቷል አሉት።

ያን ጊዜ ነው ቱርሚ ትዝ ያለኝ። እዚያ ላለው ትንሽ ሆቴል ኮምፒውተር ስትገጥሚ የራስሽንም አብረሽ ገጥመሽ «መንትያ ወለድኩ» ብለሽ ስቀሽ ነበር። በማግስቱ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ዲመካ ሳንደርስ አንድ መታጠፊያ ላይ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ቆቡን አወለቀ። ምነው ስለው «ልጆች ያለቁበት ነው» አለኝ። ከመንገዱ በታች አንድ ነጠላ ጫማ ግራር ሥር ወድቆ አየሁ። የታምሩ ይሁን የሌላ አላውቅም።

ባለሆቴሉ ያንቺን መሞት አልሰሙም ነበር። ስነግራቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ከዚያ መጋዘኑን ከፈቱልኝ። መንትያው ከከሰል ማዳበሪያ ሥር ተቀብሯል፤ ውስጡ ተርብ የጭቃ ቤት ሠርቶበታል። ጭቃውን በጥፍሬ ፋቅሁት። ካርዷ ነበረች። ዮናስ በነገረኝ መሠረት በብልጭልጭ የሲጋራ ወረቀት ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ከተትኳት። ጂንካ እስክደርስ እጄን ከላይዋ አላነሳሁም።

ዮናስ «አንተ ስካት» አለኝ። ውስጡን ከመንካትሽ በፊት የሳጥኑን ብረት ስትነኪ አይሽ ነበር፤ እኔም ነካሁት። የተቃጠለችውን አወጣሁ፣ የቱርሚዋን አስገብቼ እስክትነክስ ገፋኋት፣ ዮናስ የዲስኮቹን ገመድ በየቦታው መለሰ። አበራነው። ካርዷ የሁለቱንም ዲስክ ስም ስክሪኑ ላይ ጠራች። ዮናስ «ጌታ ሆይ!» አለና ሌላ ምንም ሳይነካ ይዞት በመጣው ዲስክ ላይ መገልበጥ ጀመረ። ያን ቀን መብራት አልሄደም።

ሁሉም አልተረፈም፤ ብዙው ፎቶ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ታምሩን ማህሌት ናት ያገኘችው። ከአገጩ በላይ ደህና ነው፤ ከአንገቱ በታች ምንም የለም። አትመን አዘጋጀንላቸው። እማማ ማርታ ጠርዙን ብቻ ይዘው ብዙ አዩት። በመጉደሉ ይቅርታ ስጠይቃቸው «አንገት ድረስ ይበቃል» አሉኝ። ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና በአሪኛ ጮኸው አለቀሱ፤ ገበያተኛው ሙዙንና ዶሮውን ይዞ ከበባቸው። ለካ እስከዚያ ቀን ልጃቸውን አላለቀሱትም ነበር።

ከዚያ አንቺን መፈለግ ጀመርን። ሁሉንም አየን ብዙዬ። የከተማውን ሽማግሌና ሕፃን፣ ወታደሩን፣ ሙሽራውን፣ ዶቃዋን አሳምራ የመጣችውን የሐመር ኮረዳ፣ በሕይወት የሌሉትን ሁሉ አየን። አንቺ የለሽም። መስታወት ውስጥም ጥላ ሆነሽም የለሽም። ልተወው ስል ማህሌት ስክሪኑን ነካች። አንድ የሚያለቅስ ሕፃን ነው፤ ከፎቶው ዳር አንድ እጅ ገብቶ አገጩን ቀና ያደርጋል። «የእማዬ እጅ ነው» አለች። አውራ ጣትሽ ላይ ያለው የቃጠሎ ምልክት ይታያል። አትመን ለናሆም ሰጠነው። እሱም እጅሽን ከራሱ እጅ ጋር አስተያየና «ትልቅ ነበረች» አለ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ፊትሽ እየደበዘዘብኝ ነው። ባለፈው ልጆቹ ጉንጭሽ ላይ ያለው፣ የሠርጋችን ፎቶ ላይ በመኳኳያ የተሸፈነው ጥቁር ነጥብ በቀኝ ነው በግራ ነው ብለው ተከራከሩና እኔን ለዳኝነት ጠሩኝ። አብሬሽ ስንት ዘመን ተኝቼ፣ ስንት ጧት አንቺን እያየሁ ነቅቼ፣ የቱ ጉንጭሽ እንደሆነ መናገር አቃተኝ። ወጥቼ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ስለዚህ መልክሽን አልረሳም ብዬ አልምልልሽም፤ የማልጠብቀው መሐላ ይሆንብኛል። የምምልልሽ ሌላ ነው። ሰው ፈርቶ ሲቀመጥ እንዴት ስለ ከብቱና ስለ ልጁ እየጠየቅሽ ታስቂው እንደነበር፣ ማዳበሪያ ተሸክማ ለመጣች ሴት እንዴት ፊቷን ሳታስታጥቢና ፀጉሯን ሳታስተካክይ እንደማታነሺያት፣ በበሽታሽ መጨረሻ እንኳ ናሆም ሲገባ እንዴት ቀና ብለሽ ትቀመጪ እንደነበር ለልጆችሽ እነግራቸዋለሁ። እስኪሰለቻቸው እነግራቸዋለሁ። ሲሰለቻቸውም ደግሜ እነግራቸዋለሁ።

ባልሽ