ያልጠየቅሁት ስንብት

ሰኔ 9 ቀን

ውድ ልጄ፣ ሆድዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቴን እያለች ብታማርርም ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ትወጣለች። ባለፈው በስልክ፣ «አባዬ፣ እንደ ሐኪም ነው የምነግርህ፣ የበረኛ ጓንትህን ስቀል» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። ገና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆነሽ እንዲህ ካዘዝሽኝ፣ ስትመረቂ ጉድ ፈላ! ይኸው መልሴን ጻፍኩልሽ።

ክለቡ ሳይነግረኝ ስንብት ደግሶልኝ ነበር። ከጨዋታ በፊት አሰልጣኙ ክንዴን ይዞ መሀል ሜዳ ወሰደኝ። አበባ አስታቀፉኝ፣ ማይክሮፎን ሰጡኝ። ሰዉ ያጨበጭባል። በቁሜ የሚቀብሩኝ መሰለኝ።

«አመሰግናለሁ፤ ግን አላቆምኩም» አልኩና አበባውን መልሼ ለአሰልጣኙ አስታቀፍኩት። ስታዲየሙ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ግን አልሳቀም።

«አንተ ሽማግሌ፣ ከእንግዲህ ቦታህ ወንበር ላይ ነው» አለኝ።

እንዳለውም ሁለት ወር ሙሉ ወንበሩን አሞቅኩለት። ልምምድ ግን አንድም ቀን አልቀረሁም።

ባለፈው እሁድ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ከሊጉ ላለመውረድ አንድ ነጥብ ይበቃናል። አንድ ለዜሮ እየመራን፣ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ወጣቱ በረኛችን አጥቂ ጠልፎ ጣለና በቀይ ካርድ ወጣ። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። አሰልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞረ፤ ከእኔ ሌላ በረኛ የለም።

«ግባ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አልዋሽሽም፣ ገባብኝ። እኔ ወደ ቀኝ፣ ኳሷ ወደ ግራ። ከኋላዬ፣ ከአጥሩ ማዶ አንዱ ተመልካች፣ «አያቴ፣ ተነስ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ ተከላካዮቼን ስቆጣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። በጭማሪው ሰዓት ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ ረጅሙ አጥቂያቸው ከሁለት እርምጃ በግንባሩ ገጫት። ማሰቢያ ጊዜ የለም። በጣቶቼ ጫፍ ነካኋት፤ አግዳሚውን መትታ ወጣች። እኔም በትከሻዬ ከቋሚው ጋር ተላተምኩ። አንድ እኩል ተለያየን፤ አልወረድንም። ያ «አያቴ» ያለኝ ሰውዬ አጥር ዘሎ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ።

በማግስቱ አሰልጣኙ ቢሮው ጠርቶ የውል ወረቀት ገፋልኝ። «አንድ ዓመት ጨምር። በተጠባባቂነት።»

«ወንበርህን ሌላ ሰው ያሙቅልህ» ብዬው ወጣሁ።

ትናንት ከታችኛው ሊግ ክለብ ጋር ፈረምኩ። ሜዳው ሣር የለውም፣ የመልበሻ ክፍሉ ጣሪያ ያፈሳል፤ በረኛው ግን እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሲጠይቁኝ አርባ አንድ አልኩ፤ አንዲት ቀን አልቀነስኩም።

ትከሻዬ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን እናትሽ ታለብሰኛለች እንጂ ሌላ ችግር የለም። ቁልፉን ስትቆልፍልኝ ምንም አትልም፤ ዝምታዋን መቼም ታውቂዋለሽ። አንቺ ግን ተቆጪኝ፣ ቁጣሽ ይናፍቀኛል። ብቻ ተው አትበይኝ። መተው ከየት እንደሚጀመር አላውቅም፣ ልጄ።

በሄድሽበት ሁሉ መንገድሽ ይቅናልሽ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይነሣ።

አባትሽ፣
በረኛው