በእናቴ ስም የተከሰሱ ዶሮዎች

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 26 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ ለወርቂቱ
ጨንቻ

እማዬ፣ የጌታ ሰላም ከአንቺና ከአጎቴ ከኦይታ ቤት አይራቅ። የጨንቻ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እዚህ ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው አካሌን ነው፤ ልቤ ግን ከሰው ሁሉ ሸሽቶ ጥግ ይዟል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልሽ ሸማ ሊሸጡ የወረዱት ጋሽ ደበሌ ናቸው። በአፍ እንዲነግሩሽ አልፈለግኩም። እሳቸው ክፉ ሆነው አይደለም፤ በዚህ ሰሞን የማልጠረጥረው ሰው ስለጠፋ ነው።

እማዬ፣ ዶሮዎችሽ ተከሰዋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ አብዮት ጠባቂ መሣሪያውን እንዳነገተ በር ላይ ቆመና «ወርቂቱ የምትባለው ማናት?» አለኝ።

«እናቴ ናት።»

«ጥሪያት።»

«የለችም።»

«የት ሄደች?»

አክስቴ ብርቅዬ ከጓዳ ብቅ ብላ «ዘመድ ልትጠይቅ እንደወጣች ቀርታለች» አለችው። «ቀርታለች» የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርጋ ነው ያለቻት። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ልታበስልልን ብላ ከምዕራብ ዓባያ መጥታ እኔ ክፍል ነው የምታድረው። ወጥ እያማሰለች «ቤት ያለ ሴት አይሆንም» ትላለች። እኔ ሴት ያልሆንኩ ይመስል።

ክሱ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ዶሮ ልቅ በማርባትና ሰፈር በማቆሸሽ ነው። የመጣውም በአንቺ ስም ነው፤ የሴቶች ማኅበር ነጮቹን የፈረንጅ ዶሮዎች ሲያድል የተመዘገብሽው አንቺ ነሻ። ማኅበሩ አርቡ ብሎ የሰጠውን ቀበሌው ለምን አረባችሁ ይላል። ይህን የምለው ለአንቺ ብቻ ነው።

ነገሩ ስለ ላባና ስለ ኩስ ብቻ ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም ነበር። አባዬ ለሥራው ፈርቶ፣ ለተከለከለው የቤት ጸሎት የመጡትን እነ እትዬ ጽጌሬዳን ከበር የመለሳቸው ዕለት፣ አንቺ እያለቀስሽ ለዶሮዎቹ ጥሬ በትነሽ ነው የሄድሽው። «ጠብቂያቸው። እነሱ እዚያ እስካሉ ድረስ እኔም ከቤቴ አልወጣሁም» አልሽኝ። ስለዚህ እነሱ ከግቢው ከወጡ አንቺም ለዘለዓለም የወጣሽ ይመስለኛል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

የጠቆመው ሰው ስሙ አይነገርም አሉን። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባለሱቁን የጋሽ ባድሩን ሚስት፣ እትዬ ዙሁራን ነው። በቆሎ ሲያሰጡ አውራው አጥር ዘሎ እንደሚገባባቸው ታውቂያለሽ። አላስችል ብሎኝ ሄድኩ። ግን በራቸው ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ራሳቸው ገባቸው።

«እኔ ነኝ ብለሽ ነው የመጣሽው?»

የነጠላዬን ጫፍ እቋጥር ጀመር።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ስናደድ እዚህ አጥር ላይ ቆሜ እጮሃለሁ። ሰፈር ሁሉ ይሰማል። ቀበሌ ድረስ ለምን እደክማለሁ?» አሉና ሳቁ። እውነታቸውን ነው። አፍሬ ተመለስኩ።

እሑድ ጠዋት ፍርድ ሸንጎው ፊት ቀረብን። ሰብሳቢው ጓድ ሸዋንዳኝ ክሱን ጮክ ብለው ሲያሰሙ እኔ መሬት መሬቱን አይ ነበር። ዶሮዎቹ መንገድ ላይ ይንጎራደዳሉ፣ የሰው ጎመን ይጭራሉ አሉ። ይህን ማንም ሊል ይችላል። ቀጥለው ግን «ከዚህም አልፎ፣ ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ አልጋ ሥር፣ ዶሮ ታቅፋለች» አሉ።

እማዬ፣ ያን ጊዜ ቀና አልኩ። ነጮቹ መታቀፍ ስለማያውቁ እንቁላላቸውን ለገብስማዋ የሐበሻ ዶሮ ሰጥቼ፣ ሸለምጥማጥ እንዳይደርስባት በአንቺና በአባዬ አልጋ ሥር ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ጎረቤት አያያትም። ይህን ያወጣው የቤታችን ሰው ነው።

ወዲያው ዓይኔን ወደ አክስቴ ወረወርኩ። እሷ ግን አፏን ይዛ «አልጋ ሥር? የማን አልጋ ሥር? ወንድሜ ከዶሮ ጋር ነው እንዴ የሚያድረው?» ብላ ጮኸች። ሸንጎው በሳቅ አውካካ። አክስቴ እንዲህ ማስመሰል አትችልም፤ ንዴቷ ጆሮዋን አቅልቶት ነበር። ደግሞም አባዬ ክፍል ገብታ አታውቅም።

ታዲያ ማን ቀረ? እኔ አይደለሁም።

ጓድ ሸዋንዳኝ አባዬን «ለክሱ መልስ ትሰጣለህ?» አሉት።

«አልችልም። በእኔ ስም አይደሉም።»

«ባለዶሮዋ ሚስትህ አይደለችም እንዴ?»

«ናት» አለ። ድምፁ ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። «ሚስቴ ናት። ግን እሷ ራሷ ቀርባ ሳትሰማ ሊፈረድ አይገባም።»

ከኋላ አንዱ «ሚስቱን ማምጣት ያቃተው ሰውዬ ሸንጎው ያምጣልኝ ይላል!» አለና ደግመው ሳቁ። አባዬ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። አለቃ ሲያይ የሚጎብጠው አባዬ፣ የዚያን ዕለት ሕግ አዋቂ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለእኔ ጥርጣሬዬን የጨመረብኝ ይኸው ነው። አስቀድሞ ያሰበበት ሰው ይመስል ነበር።

የተወሰነው ይህ ነው። ታኅሣሥ 6፣ እሑድ ጠዋት፣ አንቺ ራስሽ ቀርበሽ መልስ ካልሰጠሽ ዶሮዎቹ ወደ ማኅበሩ ይመለሳሉ፤ ስምሽም ከአባልነት ይሰረዛል።

ከዚያ ወዲህ አባዬን በዓይኔ እከታተለዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት አክስቴን «በቃ፣ ደከምሽልን፤ ወደ ልጆችሽ ተመለሺ» ብሎ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚሄድ የጭነት መኪና አሳፈራት። እያለቀሰች ሄደች። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ቤት ያለ እንግዳ የሚሸኘው ሌላ እንግዳ ሲጠበቅ አይደል? የመኝታ ክፍላችሁን ግድግዳ ነጭ አፈር ለቀለቀው። አንቺ ስንት ጊዜ የነገርሽውን፣ የሚንቋቀቀውን የጓዳ በር አበጀው። ለዶሮዎቹም የሽቦ በር ያለው ቤት እየሠራላቸው ነው። ራሱ ጠቁሞ ሊያስወጣቸው ከሆነ ቤቱ ለምን አስፈለገ? ለማንስ ነው ግድግዳ የሚለቀልቀው? ሌላ ሴት ሊያመጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

ትናንት ደግሞ ከገበያ ስመለስ፣ ከእትዬ ጽጌሬዳ ጋር ዛፍ ሥር ቆሞ አየሁት። እሳቸውን ከበር ከመለሰ ወዲህ ሲያያቸው መንገድ ይቀይር የነበረ ሰው፣ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያናግራቸዋል። ስደርስ ዝም አሉ። እትዬ ጽጌሬዳ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «ምን ሆኑ?» ብላቸው «ምንም፣ ልጄ፣ አቧራ ነው» አሉኝ። በዚህ ዘመን ዛፍ ሥር በሹክሹክታ የሚያወሩ ሰዎች ለደህና ነው ይባላል?

ጨንቆኝ ለእትዬ ዙሁራ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ሰምተው ሲጨርሱ «አጎትሽ አባትሽን ጨንቻ ብቅ ካልክ እግርህን እሰብራለሁ ብሎ ልኮበት የለ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ምን ያድርግ? አንዳንዱ ወንድ ሽማግሌ ይልካል፤ አንዳንዱ መጥሪያ ይልካል» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው አልነገሩኝም። ማታ በልቤ ሳመላልሰው አደርኩ። አንዳንዴ የገባኝ ይመስለኛል፤ መልሼ ደግሞ አላምንም። ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ የሚወዳትን ሰው ይከሳል? አንቺ ታውቂው ይሆናል፤ አባዬን ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

ነይ ወይም አትምጪ ለማለት እኔ ልጅ ነኝ። ብቻ ዶሮዎቹን እኔ ብቻዬን መጠበቅ አልቻልኩም። ሸንጎው ፊት አንድ ቃል እንኳ ሳልናገር ቀረሁ፤ ይቅር በይኝ። ገብስማዋ እስከዚያ ሳትፈለፍል አትቀርም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ አባዬ ገባ። ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩት። ለማን እንደምጽፍ አልነገርኩትም፤ ጋሽ ደበሌ ነገ እንደሚመለሱም አላወራሁም። ጥቂት ቆሞ አየኝና «ቀኑን አጉልተሽ ጻፊ። እናትሽ ትናንሽ ፊደል ማየት ያስቸግራታል» አለኝ። ወዲያው ወጣ። አሁን የዶሮውን ቤት ምስማር ሲመታ ይሰማኛል።

እኔ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። አንቺ መጥተሽ በዓይንሽ አይተሽ ፍረጂ። ቀኑን ግን እንዳለኝ አጉልቼ ጽፌዋለሁ፦

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ ጠዋት

በመንገድሽ ሁሉ ጌታ ይቅደምልሽ። ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው እንዳያንሸራትትሽ መልአኩን ይላክልሽ። አጎቴን ኦይታን ሳሚልኝ፤ ቁጣውንም ጌታ ያብርድልን።

ሌት ተቀን የምትናፍቅሽ ልጅሽ
አበቡ ማርቆስ