ከአንጁሎ ጋር በአንድ ሳህን

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፱፻፳፮

«እዚህ ቤት ሰው አይሞትም» ሲል ሰማሁት የሐኪም ቤቱን ዘበኛ፤ ጠዋት በር ላይ ለቆመች አንዲት ሴት ነው የነገራት። ደስ አለኝ። ዳዊት እደግማለሁ፣ ገድላትም አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ አጭርና ግልጽ የተስፋ ቃል ግን የትም አላጋጠመኝም። ስለዚህ ከዚህ ላለመውጣት ቆረጥኩ። ልውጣ ብልም አልችልም። ጭኔ ተሰብሮ እግሬ በአሸዋ ከረጢት ተስቦ ተንጠልጥሏል። የጣለችኝ በቅሎ ደኅና ናት።

ዛሬ ያመሰገንኩት አንሶላውን ነው። ባሎቴ በመጣች ቁጥር ከሥሬ ጫፉን ይዛ ትወጥረዋለች። «እጥፋት ሥጋ ይበላል» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ስንት ነገር ሥጋ እንደሚበላ አውቅ ነበር፤ የጨርቅ እጥፋት አልሰማሁም። ባሎቴ የዚሁ የሶዶ ልጅ ናት፤ ሥራውን ያስተማረቻት ፈረንጇ አስታማሚ ናት፣ ሚስ የምንላት። አማርኛ ስትናገር ሚስን «እሱ» ትላታለች። «እሱ ተቆጣ፣ እሱ መጣ»። ሚስ ስትቆጣ ያየ ሰው ለማረም አይቸኩልም።

ከሰዓት በኋላ አጠገቤ ባለው አልጋ አንድ ገበሬ አስተኙ። አንጁሎ ይባላል፤ ከቦዲቲ ወዲህ ካለው አገር በቃሬዛ አመጡት። የሳንባ ምች ነው። ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። ከኋላው ወንድሙ ሳና፣ ሚስቱ፣ የሚስቱ እህቶች፣ ጎረቤት፣ የጎረቤት ጎረቤት ተከተሉ። ሚስ ሁሉንም አስወጣች። «በሽተኛ ጸጥታ ይፈልጋል» አለች። በአልጋው ዙሪያም ነጭ መጋረጃ አቆመችለት። ቀናሁበት።

ማክሰኞ

አንጁሎ አልበላም። ውሃም አልጠጣም። ባሎቴ ለብ ያለ ውሃና ጨርቅ ይዛ ገባች፤ ሳይነካ መልሳ ይዛው ወጣች።

«ተኝቼ አልታጠብም ይላል» አለችኝ። «ተኝቶ የሚታጠብ ሬሳ ነው ይላል።»

«እዚህ ቤት ሰው አይሞትም አይደል? ዘበኛው ሲል ሰምቻለሁ።»

«እውነቱን ነው» አለች። «የሚሞተውን ዘመዶቹ ቀድመው ወደ ቤቱ ይወስዱታል። ሰው ከቤቱ ወጥቶ አይሞትም። ደግሞ ሬሳ ከሕያው ይከብዳል፤ ዳገቱን እርስዎም ያውቁታል።»

ተስፋዬ አንድ ቀን ኖረ።

ሳና በመስኮት ብቅ ብሎ ለባሎቴ ቁርጡን ነገራት፦ እስከ ሐሙስ ማታ በአፉ እህል ካልገባ ዓርብ ጠዋት ይሸከሙታል። ቃሬዛው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። ባሎቴ መስኮቱን ዘግታ ወደኔ ዞረች። «በዚህ ደረት መንገድ ከጀመረ ወንዙን አይሻገርም» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አላደረገችም።

ረቡዕ

አባቴ ከሸዋ መጥቶ፣ መሬት ተሰጥቶት እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔ ሶዶ ተወለድኩ፣ በሶዶ ፍርድ ቤት እጽፋለሁ፤ ወላይትኛ ከቤታችን ሠራተኞች ለመድኩ። ስለዚህ ዛሬ በመጋረጃው ላይ አሻግሬ ጠየቅሁት። ለምን አትበላም አልኩት። ወደዚያ ሲገላበጥ ሰማሁ። አኩርፎ ይሁን ትንፋሽ አጥሮት አላወቅሁም። ደጋግሜ ጠየቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ፦

«የተጋረደ ሰው ምን ይበላል?»

ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠ። ዘመዶቹ ተባረሩ፤ ለሞት የተለየሁ ነኝ አለ። ነጭ ጨርቅ ዙሪያውን ተደረገ፤ ይኸው መገነዣዬ አለ። በዚያ ላይ ሰው ለብቻው ተደብቆ ምግብ አይበላም፤ የሚበላ ሌባ ነው። የኛ ሚስ ጸጥታና ክብር ሰጠሁት ብላለች፤ እሱ ከነነፍሱ ተቀብሯል።

ለባሎቴ ነገርኳት፣ ባሎቴ ለሚስ ነገረች። ሚስ መጋረጃውን ትንሽ አየችው። «እኔ ለክብሩ ነበር» አለች በመጽሐፍ አማርኛዋ፤ ከዚያ በገዛ እጇ አነሣችው። ፍርድ ቤት ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ሰው የራሱን ብይን ከምሳ በፊት ሲሽር ያየሁት ዛሬ ነው። እግዚአብሔር ይስጣት።

አጥሚት መጣ። አንጁሎ አጥሚቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። አልጋዎቹን አስጠጉልን አልኩ። ሲያስጠጉ ከረጢቴ ተወዛወዘና እናቴን አስጠራኝ። አንድ ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ። እኔ ቀመስኩ።

«ብላ» አልኩት።

በላ። ማንኪያው ወደ ሳህኑ ሲመለስ ባሎቴ ከጀርባው ትራስ አድርጋ ቀና አደረገችው። ጥቂት ነው የበላው፤ ግን በላ።

አጥሚቱ በወተት ነው፤ ቀኑ ረቡዕ ነው። ለንስሐ አባቴ የምነግረው አላጣሁም።

ሐሙስ

የመታጠቡ ነገር ቀርቶ ነበር። ላብና አክታ ደርቆበታል፤ ጀርባው መቅላት ጀምሯል። ባሎቴ ጀርባው ከተላጠ ሳንባው ቢድንም ዋጋ የለውም ትላለች። ስለዚህ መጀመሪያ እኔን እጠቢኝ አልኳት፤ ሁሉም እያየ፣ ተኝቼ።

አጠበችኝ። ፊት፣ ከዚያ አንድ ክንድ፤ ያንን አድርቃ ሸፍና ሌላውን። አንዱ ሲገለጥ ሌላው ተሸፍኗል። ሰው ሙሉ ገላው ታጥቦ አንዴም ራቁቱን ላይሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። እኔም ሕያውነቴ እንዳይጠረጠር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወራሁ፤ የበቅሎዬን ጠባይ፣ የዳኛችንን እንቅልፍ።

«ይኼ ሬሳ ወሬ ያበዛል» አለ ሳና ከመስኮቱ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። የአንጁሎ ሚስት እህት እስክትስል ሳቀች።

«አሁን ያንተ ተራ ነው» አልኩት አንጁሎን።

ብርድ ልብሱን ለቀቀ። ባሎቴ እግሩን ስታጥበው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ደረቱ ላይ ስትደርስ ከፈተ። ጀርባውን በቅባት አሸችው፤ በጎኑ አስተኛችው፤ በጉልበቶቹ መካከል የተጠቀለለ ጨርቅ አኖረች። ከዚያ ማንም ሳይለምነው ውሃ ጠየቀ።

ሚስ ዘመዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይግቡ አለች። ሁለት ገቡ፤ የቀሩት በመስኮቱ ገቡ ማለት ይቻላል። ማታ ሳና ስለ ነገው መሸከም አላነሣም። ቃሬዛውን ሴቶቹ ተቀመጡበት።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሰዓት ላይ አንጁሎን ላብ አጠመቀው፤ ትኩሳቱ ወረደ። ሚስ ደረቱን አዳምጣ አንገቷን ነቀነቀች፤ እንደኛ ላይ ታች ስለሆነ ተረዳን። ሚስቱ ከደጅ ቆጮ በጎመን አምጥታ ለሁላችን አካፈለች፤ ለሚስም። ሚስ ቆማ በላች። ባሎቴ «እሱ ዛሬ ደስ አለው» አለችኝ በጆሮዬ።

ምስጋናዬን ልጻፍ፤ ሲድን የሚረሳ ሰው ነኝና። ለለብ ያለ ውሃ። ለተወጠረ አንሶላ። ሳልጠራት ለምትመጣዋ ባሎቴ፤ ስታገላብጠኝ «አንድ፣ ሁለት፣ አሁን» ብላ ለምታስጠነቅቀኝ፤ ሰው እንጂ ጆንያ እንዳልሆንኩ በዚህ አውቃለሁ። ጭንቀቱን ተናግሮ ለተሰማለት ሰው። ለራሴም ትንሽ፤ ጸሐፊ ሆኜ ሰው አድኜ አላውቅም ነበር። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ዛሬ እንኳ ጥሩ ነው።

ቅዳሜ

አንጁሎ ወጣ። በራሱ እግር፣ ሳና ክንዱን ይዞት። አልጋዬ ግርጌ መጥቶ እጅ ነሣኝ፤ ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ። ቀና በል አልኩት፤ ቀና አላለም። ሚስ የምትለውን አስተረጎመችኝ፦ ወር እስኪሞላ አይቆፍርም፣ እንጨት አይሸከምም፣ ዝናብ አይመታውም።

«እሺ ጌታዬ» አለኝ።

«ሰኞ ግን ተራው ነው» አለ ሳና።

«የምን ተራ?»

«የአጥር።»

«የማን አጥር?»

ሳና አንጁሎን አየ። አንጁሎ መሬቱን አየ። ከዚያ ደጋግመው እጅ ነሥተው ወጡ። ሴቶቹ ተከተሏቸው፤ ለኔም አንድ ጥቅል ቆጮ ትተውልኛል።

ባሎቴ የባዶውን አልጋ ልብስ ትገፍፍ ነበር። «የአባትዎ ነዋ» አለች። «የአባትዎ ገባር ነው። አያውቁም?»

አላውቅም ነበር። አባቴ ገባሮቹን በመልክ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እኔ አይደለሁም።

«እሱስ እኔን ያውቀኝ ኖሯል?»

«ከገባ ቀን ጀምሮ። የጌታው ልጅ አጠገብ ስላስተኙት ፈርቶ ነው ውሃውን እንኳ የተወው።»

«ታዲያ ለምን በላ?»

«እርስዎ ብላ አሉት» አለች።

አንጁሎ ሰኞ ይቅርለት ብዬ ለአባቴ ሰው ላክሁ። መልሱ ሳይመሽ መጣ፦ እግዚአብሔር ይማርህ፤ አጥሩ ግን ወድቋል፤ ሰኞ ሁሉም ይወጣሉ።